ቡችላዬ አድጋ ጨረሰች? ከቡችላ ምግብ ወደ አዋቂ ውሻ ምግብ ስለ መሻገር

(በትንንሽ ዝርያ ውሻ አሳዳጊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ! ውሾቻችሁን ቤት ትታችሁ የመጣችሁም፣ አቅፋችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ወንበር የምትጮኸዋን እሰማታለሁ። ተዋት፣ ትጩህ። የዛሬው ጉዳይ የሷ ነው።

ጊዜያችሁን እንዳልሻማ በቀጥታ ልግባ። ክሊኒክ ቡችላ ይዞ የመጣ ሰው፣ ክትባቱ አልቆ፣ የትል መድኃኒቱም ተሰጥቶ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ይልና እንዲህ ይለኛል፦ «ዶክተር፣ ለመሆኑ የቡችላ ምግቡን መቼ ነው የማቆመው?» ቀላል ይመስላል አይደል? ነገር ግን በር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ጥያቄ አይደለም። ወንበር ስቦ መቀመጥ ይፈልጋል። እስቲ ዛሬ እንቀመጥበት።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መቼ፣ እንዴት፣ ምን ያህል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሦስተኛው ነው። ለምን እንደሆነ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

እንግዲህ አንደኛው፣ መቼ?

ቺዋዋ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ማልቲዝ፣ ፖሜራንያን፣ ሺትዙ፣ በአጠቃላይ አድገው ከ10 ኪሎ የማያልፉ ዝርያዎች፣ አብዛኞቹ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እድገታቸውን ይጨርሳሉ። ግሬት ዴን ግን 18 ወር፣ አንዳንዴም 24 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ግሬት ዴን የሚያሳድግ ወዳጃችሁ «ገና ነው፣ ሁለት ዓመት ይሙላት» ቢላችሁ አልዋሸም። የተናገረው ስለ ራሱ ውሻ ነው። የእናንተዋ ያኔ ካደገች ዓመት አልፏታል።

ዕድሜ ግን ለብቻው አይበቃም። ሁለት ቡችሎች ከአንድ እናት በአንድ ቀን ተወልደው፣ አንዷ በ9 ወሯ እድገቷን ስትጨርስ ሌላዋ 11 ወር ልትቆይ ትችላለች። በምን እናውቃለን? በሚዛን!

የወጥ ቤት ሚዛን አላችሁ? ትንሽ ቅርጫት ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱት፣ ቡችላዋን ውስጡ አስገቧት። ሁለት ሴኮንድ ረጋ ካለች በቂ ነው። ለሚዛኑ ከከበደች ደግሞ አቅፋችኋት የሰው ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱት። በየሳምንቱ፣ ጠዋት፣ ሳትበላ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። መጀመሪያ ቁጥሩ ይሮጣል። ቀጥሎ ያዘግማል። ቀጥሎ ይቆማል። ዘጠነኛ ወሯን አልፋ ክብደቷ ለተከታታይ ሳምንታት ካልተነቃነቀ፣ ሐኪሟም አይቶ ከተስማማ፣ የቡችላ ምግቡ ሥራውን ጨርሷል።

«ቀደም ብዬ ብቀይረውስ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል። የቡችላ ምግብና የአዋቂ ምግብ የሚለያዩት ከረጢቱ ላይ ባለው ፎቶ ብቻ አይደለም። አፍኮ የሚባለው የአሜሪካ የመኖ ቁጥጥር ኃላፊዎች ማኅበር ያወጣው ዝቅተኛ ልኬት አለ። ከምግቡ ውስጥ ውሃው ወጥቶ ሲሰላ፣ ለሚያድግ ቡችላ ፕሮቲኑ ቢያንስ 22.5 በመቶ መሆን አለበት። ለአዋቂ 18 በመቶ ይበቃል። ስቡ ለቡችላ 8.5፣ ለአዋቂ 5.5። ካልሲየሙ ለቡችላ 1.2፣ ለአዋቂ 0.5። ካልሲየሙን ልብ በሉልኝ። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። በ5 ወሯ አጥንቷ ገና እየተሠራ ላለች ቡችላ ለአዋቂ ብቻ የተዘጋጀ ምግብ ስትሰጧት ሆዷ ይጠግባል፣ አጥንቷ ይራባል።

ዘግይታችሁ ብትቀይሩስ? ያን ያህል አያስፈራም። አንድ ወር ቢያልፍባችሁ አትታመምም። የቡችላ ምግብ ካሎሪው ከበድ ያለ ስለሆነ ትወፍራለች እንጂ። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው ትንሽ ቢያዘገይ ይሻለዋል። ከማስቀደም ማዘግየት።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና አንድ ላጫውታችሁ። ማልቲዝ የሚያሳድጉ አንዲት እናት ነበሩ። ውሻቸው ዓመት ሊሞላው ሲል የአዋቂ ምግብ እንዲጀምሩለት ነግሬያቸው ነበር። በሚቀጥለው ሲመጡ ውሻው ክብ ሆኗል። «እማማ፣ ምግቡን ቀየሩለት?» አልኳቸው። «እንዴታ ልጄ!» ብለው ባዶውን ከረጢት ከቦርሳቸው አወጡ። ከፊት ለፊት የሚያምር ትልቅ ውሻ ፎቶ አለ። ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩላቸው። በደቃቅ ፊደል «ለሁሉም የዕድሜ ደረጃ የተሟላ ምግብ» ይላል።

ይህ ምን ማለት ነው? ለሁሉም ዕድሜ የተባለ ምግብ ቡችላንም ማሳደግ አለበት። ስለዚህ የሚያሟላው የቡችላውን ልኬት ነው። «እማማ፣ ከረጢቱን ነው እንጂ ምግቡን አልቀየሩትም» ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። ውሻው ግን የሚያስቅ ሁኔታ ላይ አልነበረም። አደራችሁን፣ ጀርባውን አንብቡ! ፎቶው ለዓይን ነው። ቁም ነገሩ ከጀርባ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ለእድገት» ካለ የቡችላ ነው። «ለአዋቂ ውሻ» ካለ የአዋቂ ነው። «ለሁሉም» ካለ ደግሞ የእማማ ከረጢት ነው።

እዚያው ጀርባ ላይ ሳላችሁ፣ የታሸገ እርጥብ ምግብ ላይ ፕሮቲን 8 በመቶ የሚል ስታዩ አትደንግጡ። ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ውሃውን አውጥታችሁ ስታሰሉት ከ30 በመቶ ያልፋል።

መቼ የሚለውን ሳልዘጋ፣ የማምከን ቀዶ ሕክምና ጉዳይ አለ። ብዙ ሰው ይህንን የሚያስደርገው ቡችላዋ በ6 ወሯ ገደማ ሳለች ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ የሚፈልገው ጉልበት በሩብ፣ አንዳንዴም እስከ ሲሶ ይቀንሳል። የምግብ ፍላጎቷ ግን አይቀንስም። እንዲያውም ይብስባታል። ክብደቷ ብድግ ሲል ባለቤቷ «አደገች» ብሎ ምግቡን ይቀይራል። አላደገችም! ወፍራ ነው። መፍትሔው የቡችላ ምግቡን ሳያቋርጡ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጠኑን መቀነስ ነው።

ሁለተኛው፣ እንዴት?

ቀስ ብሎ። የእንቁላሉን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። አንጀቷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለወራት አንድ ዓይነት ምግብ ለምደዋል። ዛሬ ማታ ያንን አቁማችሁ ነገ ጠዋት ሌላ ብታቀርቡ፣ ከነገ ወዲያ ምንጣፋችሁ ይናገራል። ሽግግሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ይውሰድ። በቀን 70 ግራም የምትበላ ውሻ ናት እንበል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት 52 ግራም ከነባሩ፣ 18 ግራም ከአዲሱ። ቀጣዮቹን ሦስት ቀናት እኩል በእኩል፣ 35 በ35። ከዚያ ደግሞ ለሦስት ቀናት ተገላቢጦሹን፣ 18 ከነባሩ፣ 52 ከአዲሱ። በአሥረኛው ቀን ሙሉ በሙሉ አዲሱን።

አሁን ስለ ሰገራ ላወራ ነው። አፉ ውስጥ ብስኩት ያለ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝ። ቅርጹን የያዘና ስታነሱት መሬቱን የማያበላሽ ከሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። ለስለስ ካለ ባላችሁበት ደረጃ ቆዩ። ውሃ ከሆነ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ደም ካያችሁበት፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ከፈዘዘች፣ ወይም ተቅማጡ ከአንድ ቀን ካለፈ ግን ወደ ሐኪም። 3 ኪሎ የምትመዝን ውሻ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ነው። ቶሎ ያልቃል።

ቤት በምትቀይሩበት፣ መንገድ በምትሄዱበት ወይም ክትባት በምትወስድበት ሳምንትም አትጀምሩት። ሆዷ ከተበላሸ መንስኤው የቱ እንደሆነ ለማወቅ እኔም እቸገራለሁ።

አልበላም ብትልስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምፈራው ምክር እዚህ አለ። «ተዋት፣ ሲርባት ትበላለች።» ሰምታችሁታል አይደል? ለ30 ኪሎ ጤነኛ ውሻ ምናልባት ይሠራል። ለትንሿ ግን አደገኛ ነው!

አንድ ወጣት ቺዋዋውን በፎጣ ጠቅልሎ እየሮጠ ገባ። አንድ ዓመት ያልሞላት፣ ሁለት ኪሎ የማትሞላ። እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ሳቆማት ወደ ጎን ትወድቃለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። «ምን በልታ ነው?» አልኩት። «ምንም። አዲሱን ምግብ እምቢ አለች። ግትር ናት ዶክተር። ማን እንደሚያሸንፍ እናያለን አልኳት።» የደሟን ስኳር ስንለካው ወርዶ ወርዶ ነበር። የዚህ መጠን ውሾች፣ በተለይ ልጅነታቸውን ሳይጨርሱ፣ የሚያስቀምጡት ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። ጾም አይችሉም። ግሉኮስ ሰጠናት፣ አሞቅናት፣ ነቃች።

ከነቃች በኋላ አፏን ከፈትኩ። ከላይ በግራ በኩል የወተት ክራንቻዋ አልወለቀም። አዲሱ ክራንቻ ከጎኑ በቅሏል። በሁለቱ መሀል ምግብ ተሰንቅሮ ድዷ ቀልቷል። አዲሱ ምግብ ደግሞ ፍሬው ከቀድሞው ተለቅ ያለና ጠንካራ ነው። ግትር ነበረች? ጥርሷን አሟት ነበር እንጂ። በ6 እና 7 ወራቸው 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ወጥተው፣ የወተቶቹ ሁሉ ወልቀው ማለቅ አለባቸው። በትንንሽ ዝርያዎች ግን የወተት ጥርስ ተጣብቆ መቅረት የተለመደ ነው። ስለዚህ አዲስ ምግብ እምቢ ስትል ከመቆጣታችሁ በፊት ከንፈሯን ከፍ አድርጋችሁ እዩ።

ጥርሷ ደህና ከሆነ፣ ምግቡ ላይ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይወጣል። ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው በአፍንጫው ነው። አሁንም እምቢ ካለች ወደ ቀድሞው ምግብ ተመለሱና ከአዲሱ ጥቂት ፍሬ ብቻ እየጨመራችሁ ጀምሩ። ከተንቀጠቀጠች ወይም ከተንገዳገደች ማር ወይም የስኳር ውሃ ጣታችሁን ነክራችሁ ድዷን ቀቡና ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ይተናነቃታል።

ሦስተኛው፣ ምን ያህል?

ደረስን። ሒሳብ የማትወዱ ለሁለት ደቂቃ ታገሱኝ። አንድ ውሻ ተኝቶ ሲውል የሚያቃጥለውን ካሎሪ የምናሰላው ክብደቱን ወደ 0.75 ኃይል ከፍ አድርገን በ70 በማባዛት ነው። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይሠራዋል። ለ3 ኪሎ ውሻ 160 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። የመከነ አዋቂ ከሆነ በ1.6 እናባዛለን፣ 255 ገደማ። በእድገት ላይ ሳለች፣ ከ4 ወር ወዲህ፣ የምናባዛው በ2 ነበር፣ 320 ገደማ። አያችሁት? አድጋ ስትጨርስ ከቀን ፍላጎቷ ላይ 65 ካሎሪ ገደማ ይቀነሳል። ምግቡን ቀይሮ መጠኑን ያልቀየረ ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

255 ካሎሪ በደረቅ ምግብ ስንት ግራም ነው? እንደ ምግቡ ይለያያል። በ100 ግራም 370 ካሎሪ ያለው ከሆነ 70 ግራም አካባቢ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ 70 ግራም መዝናችሁ መዳፋችሁ ላይ አድርጉት። ትንሽ ነው። በጣም ትንሽ ነው። «ይቺን ብቻ?» ትላላችሁ። እጃችሁ አያርፍም፣ 10 ግራም ትጨምራላችሁ። ያቺ 10 ግራም ግን የቀኗን ምግብ አንድ ሰባተኛ ናት። ለዚህ ነው በኩባያ አትስፈሩ የምለው። በኩባያ ሲሰፈር፣ የአባት ኩባያ እና የልጅ ኩባያ እኩል ሆኖ አያውቅም። በግራም መዝኑ።

3 ኪሎ የነበረች ውሻ 300 ግራም ጨመረች። ምናላት? 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንደጨመረ ማለት ነው። እነዚህ ዝርያዎች ደግሞ የጉልበታቸው ሎሚ እየተንሸራተተ የሚያስቸግራቸው፣ የትንፋሽ ቧንቧቸውም የሚላላባቸው ብዙ ናቸው። ሁለቱንም ውፍረት ያብስባቸዋል።

በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 48 ላብራዶሮች ጥንድ ጥንድ ተደርገው፣ ከጥንዱ አንዱ ሌላው ከሚበላው 25 በመቶ ቀንሶ እየተሰጠው ዕድሜያቸውን ሁሉ ተከታተሏቸው። ብዙ የበሉት ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ዕድሜ 11.2 ዓመት፣ የተቀነሰባቸው 13 ዓመት። «ላብራዶር እኮ ትልቅ ውሻ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ነው። እኔ ግን ትንሿ ከዚህ ሕግ ውጭ ናት ብዬ አላምንም።

ከረጢቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ እጃችሁ ይንገራችሁ። ጎኗን ሳትጫኑ ስትዳብሱ ጎድኗ ይቆጠራል? ከላይ ስታዩዋት ወገብ አላት? ከጎን ሆዷ ወደ ላይ ሰብሰብ ይላል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ጥሩ ነው። ጎድኗን ፍለጋ ከገባችሁ ቀንሱ። ጸጉራም ከሆነች ዓይናችሁን አትመኑ፣ ፖሜራንያን ሁሉ ወፍራም ይመስላል።

የዝርያ ነገር ከተነሳ፣ «ለትንንሽ ዝርያ አዋቂ» የሚለው ጽሑፍ የገበያ ወሬ ብቻ ነው ወይ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። 3 ኪሎዋ ለእያንዳንዱ ኪሎዋ 85 ካሎሪ ገደማ ትፈልጋለች። 40 ኪሎው 45 ገደማ ይበቃዋል። ሆዷ ጠባብ፣ ፍላጎቷ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ካሎሪው ጠጠር ያለ፣ ፍሬው ያነሰ ምግብ ይመቻታል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በጣም ትንሽ ለሆኑት ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡ።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ልምጣ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ገበታ ላይ አንዴ የቀመሰች ውሻ ገበታ ላይ ትጮኻለች። ያ ዓይኗ ደግሞ አንጀት ይበላል። አባት ትንሽ ይሰጣል፣ እናት ትንሽ ትሰጣለች፣ ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር ያቀብላሉ። ሁሉም «እኔ ምንም አልሰጠኋትም» ይላል። ሚዛኑ ግን ሁሉንም ደምሮ ያወጣዋል። ማባበያ ከቀን ካሎሪዋ ከ10 በመቶ አይለፍ። ለ3 ኪሎዋ 25 ካሎሪ ማለት ነው፣ በሁለት ትንንሽ ብስኩት ሊያልቅ ይችላል።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ጠዋት 70 ግራሟን መዝናችሁ በአንድ ዕቃ አስቀምጡ። ቁርሷም፣ እራቷም፣ «ተቀመጪ» ስትሏት የምትሸልሟትም ከዚያው ይውጣ። ዕቃው ባዶ ከሆነ አለቀ። ልጆቹም ይህን ሕግ ቶሎ ይይዙታል፣ እንዲያውም ከአዋቂዎቹ ቀድመው። ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ዘቢብ እና ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ግን በጥቂቱም ቢሆን አይሰጡም። መርዝ ናቸው።

አንድ ነገር ረስቼ ልወርድ ነበር። ከረጢት ስትገዙ ርካሽ ነው ብላችሁ ባለ 15 ኪሎውን አታንሱ። በቀን 70 ግራም የምትበላ ውሻ እሱን ለመጨረስ 7 ወር ያስፈልጋታል። ከተከፈተ በኋላ ስቡ አየር እያገኘው ይበላሻል። አንድ ወር ተኩል ባልሞላ ጊዜ የሚያልቅ ግዙ፣ ለሷ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይበቃል። በራሱ ከረጢት እንዳለ አፉን አጥፋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አኑሩት።

አዲሱን ምግብ ሙሉ በሙሉ ከጀመረች ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መዝኗት። ከጨመረች ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሱ። ከቀነሰች በዚያው ልክ ጨምሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ወደ መቀበሉ እንሂድ። እዚያ ጥግ ያሉት እህት እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል፣ ከእርሳቸው እንጀምር።